በዋልታ ባሕር በረዶ ውስጥ ስለሚኖሩ አልጌዎችና በረዶን ስለሚገሩበት ንጥረ ነገር

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንዲት ጥያቄ ስለ ገፋፋችኝና አንድ ስሕተቴን ማረም ስለሚገባኝ ነው። ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ሌሊቱ እጅግ በርዶ ስላደረ፤ በገዳማችን ግቢ በገንዳ የተቀመጠው ውኃ ሲነጋ እንደ መስታወት በሳሳ በረዶ ተሸፍኖ ተገኘ። ከማኅሌት የወጡት ተሳላሚዎች ከብበው ይመለከቱት ነበር። እኔም ዕውቀቴን ለማሳየት ፈጥኜ፤ «በዓለም ዳርቻ ባለው በዋልታ ባሕር፤ በዓይን የማይታዩ፤ በረዶ የሚሠሩ ዕፀዋት አሉ» ብዬ ተናገርሁ። በዕድሜ የገፉ አንዲት ተሳላሚ ግን በትሕትና፤ «ታዲያ አባቴ፤ በረዶውን የሚሠሩት እነርሱው ከሆኑ፤ በረዶው እነርሱን ራሳቸውን እንዴት አይገድላቸውም?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ሌሎች ተማሪዎችም ቆመው ይሰሙ ነበርና አፈርሁ።

ኋላ መጻሕፍትን ብመለከት፤ የተናገርሁት ነገር ግማሹ እውነት ግማሹ ስሕተት ሆኖ አገኘሁት። እኛ በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው፤ ቃሉን ሳያሳርም የሄደ ደቀ መዝሙር ስሕተቱን ከእርሱ በኋላ ለሚማረው ያወርሳል። ስለዚህ የእኚያን እናት ጥያቄ መነሻ አድርጌ፤ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ በቅደም ተከተል ለመግለጽ እሞክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ሀ፤ የባሕር ውኃ እንዴት በረዶ እንደሚሆን

በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን ውኃ ከአራቱ ባሕርያት አንዱ ሲሆን፤ ቅዝቃዜና ርጥበት ገንዘቡ ነው። በእኛ አገር እነዚህ ሁለቱ ተስማምተው ይኖራሉ። በዋልታ ባሕር ግን ቅዝቃዜው ርጥበቱን ሊያጠፋው ሲታገል ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ በዚህ ትግል ውስጥ ያለ ነው።

ጨው የሌለበት ውኃ በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይረጋል። የውቅያኖስ ውኃ ግን በአንዱ ኪሎ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ስለሚገኝበት፤ እስከ ዜሮ ቢቀዘቅዝም አይረጋም፤ የሚረጋው ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ውኃው በሚረጋበት ጊዜ ሞለኪውል የሚባሉት ረቂቃን ክፍሎቹ ስድስት ማዕዘን ባለው ሥርዓት ይሰለፋሉ። ክሪስታል የሚባለውም ይህ በሥርዓት የቆመ ሰልፍ ነው። በዚህ ሰልፍ ውስጥ ለጨው የሚሆን ስፍራ የለም። ስለዚህ በረዶው እያደገ ሲሄድ ጨዉን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

የተገፋው ጨው ወዴት ይሄዳል ቢሉ፤ ከፊሉ ወደ ታች ወርዶ ከባሕሩ ጋር ይቀላቀላል፤ ከፊሉ ግን ማምለጫ አጥቶ በበረዶው መካከል ተከብቦ ይቀራል። የተከበበው ጨው ጥቂት ውኃ ይዞ ስለሚቀር፤ በበረዶው ውስጥ ብርቱ ጨዋማ ውኃ የሞላባቸው እጅግ ጥቃቅን ጉድጓዶችና ቀጫጭን ቦዮች ይፈጠራሉ። እንግዲህ የባሕር በረዶ እንደ ድንጋይ ወጥ ሆኖ የደነደነ አይደለም፤ ዓይኑ እንደ በዛ እንጀራ ወይም እንደ ሰፍነግ ነው እንጂ።

ብርዱ በበረታ ቁጥር ከቦዮቹ ውኃ ጥቂት ጥቂቱ እየረጋ ይሄዳል፤ የሚተርፈውም ውኃ ጨዉ ይበረታበታል። ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ሲሆን፤ በአንድ ኪሎ የቦይ ውኃ ውስጥ 100 ግራም ያህል ጨው ይገኛል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲሆን 145 ግራም ያህል፤ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 216 ግራም ያህል ይሆናል። ይህም ከተራው የባሕር ውኃ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ዳሩ ግን ጨዉ በበረታ መጠን የቀረው ውኃ እንዳይረጋ ይጠብቀዋል። በዚህም ምክንያት ብርዱ ምንም ቢጸና፤ በባሕር በረዶ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ውኃ ተርፎ ይገኛል።

ጎልደን፣ አክሊና ላይትል የተባሉ ሦስት ሊቃውንት በ1998 ዓ.ም. እንደ ገለጹት፤ የፈሳሹ መጠን ከበረዶው ከመቶ አምስት እጅ ያህል ካነሰ፤ ቦዮቹ እርስ በርሳቸው መገናኘታቸውን አቋርጠው በረዶው ይዘጋል፤ ከአምስት እጅ ሲበልጥ ግን ቦዮቹ ተያይዘው ውኃ ከታች ወደ ላይ፤ ከላይም ወደ ታች ያሳልፋሉ። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በበረዶው ውስጥ ለሚኖር ሁሉ የቦዮቹ መከፈትና መዘጋት የሕይወትና የሞት ነገር ነውና።

ለ፤ በበረዶው ውስጥ ስለሚኖሩት

ከ1839 እስከ 1843 ዓ.ም. በካፒቴን ጄምስ ክላርክ ሮስ መሪነት ወደ ደቡብ ዋልታ በተጓዙት ኤሬበስና ቴረር በተባሉት ሁለት መርከቦች፤ ጆሴፍ ዳልተን ሁከር የሚባል ወጣት የዕፀዋት መርማሪ አብሮ ሄዶ ነበር። ይህ ሰው በጉዞው ላይ ቡናማ ቀለም ያለው በረዶ አየ፤ ቀለሙንም ያመጡት ዲያቶም የሚባሉ ደቂቃን ዕፀዋት መሆናቸውን ተገነዘበ።

ዲያቶም ከአልጌ ወገን ነው። አልጌ ማለት ሥርና ግንድ ሳይኖረው በውኃ ውስጥ የሚኖር፤ እንደ ዕፀዋትም ሁሉ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ ፍጥረት ነው። ዲያቶም አካሉ አንዲት ሕዋስ ብቻ ናት። ልብሱ ግን ሲሊካ ከሚባለው፤ መስታወት ከሚሠራበት ነገር የተሠራ ሲሆን፤ እንደ ሙዳይና እንደ ክዳኑ ሁለት ሆኖ አንዱ በአንዱ ላይ ይገጥማል። ትንሽነቱን አይቶ የሚንቀው እንዳይኖር፤ በምድር ላይ በየዓመቱ ዕፀዋት ሁሉ በብርሃን ከሚያዘጋጁት ምግብ አንድ አምስተኛው ያህል የሚዘጋጀው በዲያቶሞች እንደ ሆነ ሊቃውንት ይገምታሉ።

በዋልታ አገር በብርድ ወራት ባሕሩ ሲረጋ፤ በውኃው ላይ የነበሩት ዲያቶሞች ከበረዶው ጋር ተያይዘው ይቀራሉ፤ በቦዮቹም ውስጥ ይሰፍራሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚበዙት ከባሕሩ ጋር በሚነካካው በበረዶው የታችኛው ገጽ ነው። በላያቸው ሁለት ሜትር ያህል የሚደርስ በረዶ፤ ከዚያም በላይ ምዝግዝግ ያለ ሌላ የበረዶ ብናኝ ተከምሮ ይኖራል። ወደ እነርሱ የሚደርሰው ብርሃን ብዙ ጊዜ በላይ ካለው ብርሃን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በዚያች ጭላንጭል ግን ይኖራሉ፤ ይራባሉም፤ የበረዶውንም ሥር እንደ ቡና ያጠቁሩታል።

የእነርሱ መኖር ለሌላው ፍጥረት ምን ይጠቅማል ቢሉ፤ በደቡብ ዋልታ ባሕር ክሪል የሚባል፤ እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፤ ቅርፊት የለበሰ ትንሽ እንስሳ አለ። የክሪል ጫጩቶች በባሕሩ ውስጥ ሌላ ምግብ በማይገኝበት በብርድ ወራት፤ ከበረዶው ሥር አልጌውን እየፋቁ ይመገባሉ። ክሪሉን ደግሞ ዓሣው፣ ፔንግዊን የሚባለው ወፍና ታላቁ ዓሣ አንበሪ ይመገቡታል። እንግዲህ በዓይን የማይታየው አልጌ በግዙፉ ዓሣ አንበሪ ማዕድ ላይ የመጀመሪያው እንጀራ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ኑሮ ግን ሦስት ጽኑ አደጋዎች አሉበት። አንደኛው የበረዶው ክሪስታል ስለታም ሆኖ ሲያድግ የሕዋሱን ቆዳ መብሳቱ ነው። ሁለተኛው ከላይ እንደ ተነገረው የቦዩ ውኃ ጨዉ መበርታቱ ነው። ሦስተኛው ቦዩ በበረዶ ተዘግቶ፤ ነዋሪው ምግብና ንጹሕ ውኃ ከሚያገኝበት ከባሕሩ መለየቱ ነው።

ሐ፤ ንጥረ ነገሩ እንዴት እንደ ተገኘ

የዚህ ነገር ታሪክ የሚጀምረው ከዓሣ ነው። በደቡብ ዋልታ በማክመርዶ ወሽመጥ የባሕሩ ውኃ ከዜሮ በታች ወደ 1.9 ዲግሪ ቀዝቅዞ ይኖራል፤ በውስጡም ዓሦች ይዋኛሉ። የተራ ዓሣ ደም ግን ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ ሳይሞላ ይረጋል። ታዲያ የእነዚህ ደም ስለምን አይረጋም? አርተር ዴቭሪስ የተባለው አሜሪካዊ መርማሪ ይህን ጥያቄ ይዞ በ1960ዎቹ ዓመታት በስፍራው ሲመረምር ቆይቶ፤ በዓሦቹ ደም ውስጥ ስኳር የተያያዘበት ልዩ ፕሮቲን መኖሩን አገኘ፤ ግኝቱም በ1969 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ጄምስ ሬይመንድና ዴቭሪስ ፕሮቲኑ የሚሠራው በበረዶው ክሪስታል ላይ ተለጥፎ እድገቱን በማገድ መሆኑን ገለጹ።

ከዚህ በኋላ፤ «ዓሣው እንዲህ ያለ መከላከያ ካለው በበረዶው ውስጥ የሚኖረው አልጌስ?» የሚለው ጥያቄ የማይቀር ሆነ። በ1994 ዓ.ም. ሬይመንድ፣ ኮርኔሊየስ ሳሊቫንና ዴቭሪስ የደቡብ ዋልታ የባሕር በረዶ ዲያቶሞች በበረዶ ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር ወደ ውጭ እንደሚያወጡ አስታወቁ።

ይህን ያረጋገጡበት መንገድ ሲነገር ቀላል ነው። ንጹሕና ልሙጥ ገጽ ያለው አንድ ወጥ የበረዶ ክሪስታል ወስደው፤ ከዲያቶሞቹ በተገኘው ፈሳሽ ውስጥ አድርገው በጥቂቱ አቀዘቀዙት። ክሪስታሉ በተራ ውኃ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ገጹ ልሙጥ እንደ ሆነ ያድግ ነበር። በዚህኛው ፈሳሽ ውስጥ ግን በገጹ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ወጡበት። በረዶው እንደ ልማዱ እንዳያድግ የሚያሰናክለው አንድ ነገር በፈሳሹ ውስጥ አለ ማለት ነው። ፈሳሹ በሚገባ ሲሞቅ ይህ ኃይል ይጠፋል፤ በሞቃታማና በመካከለኛ አየር ባሕር ከሚኖሩት ዲያቶሞችም እንዲህ ያለ ኃይል አልተገኘም። በ2006 ዓ.ም. ሬይመንድና ባልደረቦቹ፤ ናቪኩላ ግላሲየይና ፍራጂላሪዮፕሲስ ሲሊንድረስ ከተባሉት ሁለት የበረዶ ዲያቶሞች፤ ከበረዶ ጋር የሚያያዙትን ፕሮቲኖች ለይተው ገለጹ።

መ፤ ሥራው እንዴት እንደ ሆነ

በብርድ አገር ሰዎች በመኪና ራዲያተር ውኃ ላይ በረዶ የሚከለክል ፈሳሽ ይጨምራሉ። ያ ፈሳሽ የሚሠራው በብዛቱ ነው፤ ጨውም በባሕር ውስጥ እንደዚያው ነው። ፕሮቲኑ ግን የሚሠራው በብዛቱ ሳይሆን በሚቀመጥበት ስፍራ ነው። እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ በበረዶው ገጽ ላይ ሄዶ ይለጠፋልና።

ለዚህ አብነት የሚሆን ከቤታችን ነገር ልጥቀስ። በገበታ ውስጥ ኩፍ እያለ በሚነሣ ሊጥ ላይ መረብ ቢዘረጉበት፤ ሊጡ በገመዶቹ ሥር እንደ ተያዘ ሆኖ፤ በገመዶቹ መካከል ብቻ እያበጠ ይወጣል። እየጎበጠ በሄደ መጠንም መውጣቱ ይከብደዋል። የበረዶውም ነገር እንዲሁ ነው። ፕሮቲኖቹ በገጹ ላይ እዚህና እዚያ ስለ ተተከሉ፤ በረዶው ማደግ የሚችለው በመካከላቸው እየጎበጠ ነው። የጎበጠ የበረዶ ገጽ ደግሞ ከልሙጡ ይልቅ የሚጸናበት ኃይል ያንሰዋል፤ ይበልጥ ካልቀዘቀዘ በቀር አያድግም። ስለዚህ ብርዱ ሳይጨምር የበረዶው እድገት ይቆማል።

በዓሣው ደም ውስጥ ይህ ሥራ የመርጊያውን ልክ ዝቅ በማድረግ ይገለጻል። በዲያቶሞቹ ዘንድ ግን የመርጊያው ልክ ዝቅ የሚልበት መጠን ጥቂት ነው። ታዲያ ስለምን ያወጡታል ቢሉ፤ ሊቃውንቱ የሚሰጡትን ምክንያት በአንድምታ ሥርዓት አንድ በአንድ እነሆ።

አንደኛ፤ በረዶው ዳግመኛ ታላላቅ ክሪስታል እንዳይሠራ ነው። በረዶ ረግቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በውስጡ ከታናናሾቹ ክሪስታሎች ውኃ እየተወሰደ ታላላቆቹ ይገዝፋሉ። አይስክሬም ቀልጦ እንደ ገና ሲረጋ በምላስ ላይ የሚሻክረው ከዚህ የተነሣ ነው። እንዲህ የገዘፈ ክሪስታል ለሕዋስ እንደ ስለት ነው። ሬይመንድና ቻርለስ ናይት በ2003 ዓ.ም. እንደ ገለጹት፤ ከዲያቶሞቹ የተገኘው ንጥረ ነገር ይህን መግዘፍ በብርቱ ያግዳል። ኃይሉንም ለመፈተን ሁለት ዓይነት ዲያቶሞችን፤ አንዱን ከደቡብ ዋልታ፤ ሁለተኛውን ከመካከለኛ አየር ባሕር ወስደው፤ ከዜሮ በታች በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ለ20 ሰዓት ያህል አርግተው አቀለጧቸው። ንጥረ ነገሩ ከተጨመረላቸው መካከል በሕይወት የተገኙት፤ ካልተጨመረላቸው ይልቅ ከ15 እስከ 29 በመቶ በለጡ።

አንድም፤ ቦዩ እንዳይዘጋ ነው። ንጥረ ነገሩ የሚወጣው ከሕዋሱ ውጭ ነው። የሚጠብቀውም ሕዋሱን ከውስጥ ብቻ ሳይሆን ሕዋሱ የሚኖርባትን ቤት ነው። በቦዩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የበረዶውን መልክ ሲለውጥ፤ የጨዋማው ውኃ ስፍራ ይጠበቃል።

አንድም፤ ከዚህ ፕሮቲን ጋር አብሮ የሚወጣ ሌላ ነገር አለ። በጾም ወራት ተልባ በውኃ ስንዘፈዝፍ የሚወጣውን ዝልግልግ ነገር ሁላችንም እናውቃለን። የበረዶ አልጌዎችም በዙሪያቸው ይህን የመሰለ ዝልግልግ ሙጫ ያወጣሉ። ክሬምብስ፣ አይከንና ደሚንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ሜሎሲራ አርክቲካ ከምትባለው የሰሜን ዋልታ ዲያቶም የተገኘውን ሙጫ ጨምረው የባሕር ውኃ ቢያረጉ፤ የተገኘው በረዶ ቦዮቹ የተወሳሰቡ፤ ጨዉንም ይበልጥ ይዞ የሚያስቀር ሆነ። ጨው ካለ ደግሞ ፈሳሽ ውኃ አለ፤ ፈሳሽ ውኃ ካለ የመኖሪያ ስፍራ አለ።

ሠ፤ ስሕተቴ የት ላይ እንደ ነበረ

አሁን ወደ እኚያ እናት ጥያቄ ልመለስ። እኔ «በረዶ ይሠራሉ» ያልሁት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጌ ስለ ተናገርሁ ነው። ሦስቱም ከበረዶ ጋር የሚያያዙ ስለ ሆኑ ለመሳሳት ይመቻሉና፤ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

የመጀመሪያው በረዶ አስጀማሪ ነው። እጅግ ንጹሕ የሆነ የውኃ ነጠብጣብ ቢቀዘቅዝም ወዲያው አይረጋም፤ ከዜሮ በታች እስከ 38 ዲግሪ ገደማ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ሰልፉን የሚያስጀምር አንድ ነገር ያስፈልገዋልና። በዕፀዋት ቅጠል ላይ የሚገኝ ሱዶሞናስ ሲሪንጌ የሚባል ባክቴሪያ፤ የውኃን ሞለኪውሎች የሚያሰልፍ ፕሮቲን ስላለው፤ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ውኃውን ያረጋዋል። በረዶ ይሠራል ቢባል በእውነት የሚገባው ለዚህ ነው። በአንዳንድ የበረዶ ሸርተቴ ስፍራዎች ሰው ሠራሽ በረዶ ለማዘጋጀት ከዚህ ባክቴሪያ የተገኘውን ነገር ይጠቀሙበታል።

ሁለተኛው በረዶ ከልካይ ነው። ይህም በዋልታ ዓሦች ደም ውስጥ የሚገኘው ነው፤ በረዶው በሰውነታቸው ውስጥ እንዳያድግ ይከለክላል።

ሦስተኛው በረዶ ገሪ ልንለው እንችላለን። ዲያቶሞቹ የሚያወጡት ይህ ነው። በረዶውን አያስጀምረውም፤ ፈጽሞም አይከለክለውም፤ ነገር ግን ዱር ያደገ ፈረስ እንደሚገራ መልኩንና እድገቱን ይገራዋል።

እንግዲህ መልሱ እንዲህ ነው። በረዶውን የሚሠራው ብርዱ ነው እንጂ አልጌዎቹ አይደሉም። እነርሱ ብርዱን ማራቅ አይቻላቸውም፤ በረዶውም በዙሪያቸው መቆሙ አይቀርም። የተሰጣቸው ኃይል በበረዶው ውስጥ ቤታቸው እንዳይዘጋና ክሪስታሉ እንዳይወጋቸው የሚያደርጉበት ነው። ከዚያም በላይ፤ በረዶው ጣራ ሆኖ ከብርሃኑ አጠገብ ይዞ ስለሚያቆያቸው፤ ወደ ጨለማው ጥልቅ ከመስጠም ይድኑበታል። ስለዚህ በረዶው ለእነርሱ ጠላት ብቻ ሳይሆን መኖሪያም ነው።

ረ፤ ይህን ኃይል ከወዴት አገኙት

ፕሮቲን የሚሠራበት ትእዛዝ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህም ጂን ይባላል። ሊቃውንት የበረዶ አልጌዎችን ጂን ሲመረምሩ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኙ። በሞቃት ባሕር በሚኖሩት ዘመዶቻቸው ውስጥ የማይገኘው ይህ ጂን፤ ዘመዶቻቸው ባልሆኑት፤ ነገር ግን በዚያው በበረዶው ውስጥ አብረዋቸው በሚኖሩት ባክቴሪያዎች ዘንድ ተመሳሳዩ ይገኛል። ሬይመንድና ባልደረባው ኪም በ2012 ዓ.ም. ይህን መርምረው፤ አልጌዎቹ ጂኑን ከባክቴሪያዎች ሳይቀበሉ እንዳልቀሩና ይህም በበረዶው ውስጥ እንዲሰፍሩ ሳይረዳቸው እንዳልቀረ ጽፈዋል። ከአባት ወደ ልጅ እንደሚወርድ ርስት ሳይሆን፤ ከጎረቤት እንደሚገኝ ብድር ነው ማለት ነው። የፍራጂላሪዮፕሲስ ሲሊንድረስ ሙሉ የጂን መጽሐፍ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ተነቦ ወጥቶአል።

ሰ፤ ስለምን ያሳስበናል

ይህ ነገር ለሰው የሚሰጠው ጥቅም አለ። በሆስፒታል የሰው ሕዋስና ደም ረግቶ በሚቀመጥበት ጊዜ ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከክሪስታሎች መግዘፍ ስለ ሆነ፤ እንዲህ ያሉት ፕሮቲኖች ለዚህ ያገለግሉ እንደ ሆነ ምርመራ ይደረግባቸዋል። ነገር ግን ከጥቅሙ ይልቅ የሚያሳስበው የመኖሪያቸው ጉዳይ ነው።

በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ባሕሩ በብርድ ወራት ሲረጋ፤ በረዶው ወደ 18 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍን ነበር። ይህም የኢትዮጵያን ስፋት አሥራ ስድስት ጊዜ ያህል ነው። በሙቀት ወራት ወደ 3 ሚሊዮን ይወርዳል፤ በዓመቱም እንደ ገና ይሰፋል። በየካቲት ወር 2023 ዓ.ም. ግን ወደ 1.8 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ወረደ፤ ይህም ሳተላይት ያለማቋረጥ መለካት ከጀመረበት ከ1979 ዓ.ም. ወዲህ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ያልታየ ማነስ ነበር። በሰሜን ዋልታም በመስከረም 2012 ዓ.ም. በረዶው ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር አንሶ ታይቶአል። በዚያው ዓመት ፖላርሽተርን በተባለችው የጀርመን መርከብ የተጓዙ ተመራማሪዎች፤ ከቀለጠው በረዶ ሥር የተለየችው ሜሎሲራ አርክቲካ አራት ሺህ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ባሕር ወለል ላይ ወድቃ ተከምራ አገኙአት። ጣራዋ ሲጠፋባት ሰጥማ ነው።

በ2022 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ዋልታ በቤሊንግስሃውሰን ባሕር በረዶው ያለ ጊዜው ስለ ተሰበረ፤ በስፍራው ከሚታወቁት አምስት የኢምፐረር ፔንግዊን ማኅበሮች በአራቱ ጫጩቶቹ ላባቸው ለዋና ሳይደርስ እንዳለቁ ከሳተላይት ሥዕል ተረድተዋል። አልጌው ብርዱን የሚቋቋምበት መሣሪያ አለው፤ የበረዶውን መጥፋት የሚቋቋምበት መሣሪያ ግን የለውም። ያ የረቀቀ ፕሮቲን በረዶ በሌለበት ምንም አይሠራም። የባሕሩም አየር የሚሞቀው በአብዛኛው የሰው ልጅ ከሚያነደው ከሰልና ነዳጅ በሚወጣው ጢስ ምክንያት ስለ ሆነ፤ ይህ ጥፋት ከእኛ ሥራ ውጭ ነው ማለት አይቻለንም።

መደምደሚያ

አንዳንድ ወንድሞች፤ «ይህ የፈረንጅ ምርመራ ለመነኩሴ ምኑ ነው?» ይላሉ። ጥያቄያቸውን አልንቀውም፤ ጊዜያችን አጭር ነውና። ነገር ግን በሠለስቱ ደቂቅ ምስጋና ውስጥ ውርጭና በረዶ ሳይቀሩ አምላካቸውን እንዲያመሰግኑ ይጠራሉ። ይህን ምስጋና በየጊዜው የምናደርስ ሰዎች፤ የተጠሩት እነማን እንደ ሆኑ ጠይቀን ብናውቅ ጸሎታችንን አያጎድልብንም። እኔ ስለ በረዶ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዜማውን አውቅ ነበር፤ በውስጡ ሕያዋን እንዳሉ ግን አላውቅም ነበር።

ሌላው የተማርሁት ነገር በተሳላሚ ፊት ያልመረመርሁትን አለመናገርን ነው። እኚያ እናት መጽሐፍ ያነበቡ አልነበሩም፤ ነገር ግን ጥያቄያቸው የቃሌን ጉድለት ወዲያው አገኘው። ወደ አገራቸው ከተመለሱ ወራት አልፈዋል፤ ስማቸውንም አልጠየቅሁም። ይህች መጽሔት ግን በተሳላሚዎች እጅ ወደ ብዙ ስፍራ ትሄዳለች። ያን ማለዳ በገንዳው አጠገብ የነበረ ሰው ይህን ቢያነብና እኚያን እናት ቢያውቃቸው፤ «በረዶውን የሚሠሩት እነርሱ አይደሉም፤ በረዶው በራቸውን እንዳይዘጋባቸው የሚጠብቁ ናቸው እንጂ» ብሎ መልሱን እንዲያደርስልኝ እለምናለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።